እናቴን የሚያስታምም ሰው፦ አዲስ አበባ ላይ የከፈልነውና ያገኘነው

መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። አዲስ አበባ ላይ ለእናቴ አስታማሚ ስፈልግ የተጠራልኝ ዋጋ በወር ከ7 ሺህ ብር ይጀምርና እስከ 45 ሺህ ይደርሳል። ያው አንድ በሽተኛ፣ ያው አንድ አልጋ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስኪገባኝ ድረስ ስልኬ ጆሮዬ ላይ ጋለ።

እናቴ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ደክሟል። ትናገራለች፣ ትበላለች፣ ነገር ትወጋለች፤ ግን ያለ ሰው አትነሳም። ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፣ እሱም ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬም ይኸው ነው፣ የሰው እናት መጠበቅ። ዲሲ አካባቢ ያለ ሐበሻ ግማሹ በዚህ ሥራ ያለፈ ይመስለኛል። ደንበኛው ለኤጀንሲው በሰዓት ከ30 ዶላር በላይ ይከፍላል፣ እኔ ኪስ የሚገባው ከግማሹ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚመልስልኝ ሰው ማግኘት ነበር ጣጣው።

የጀመርነው ከሠፈር ደላላ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ፈጣን ነው፣ ጠዋት ነግረነው ከሰዓት ልጅ ይዞ መጣ። ኮሚሽኑን ከእኛም ከልጅቷም ይቀበላል። ተያዥ አላት፣ መታወቂያዋን ኮፒ አድርገን ያዝን። 7 ሺህ ብር፣ አዳሪ፣ "የቤቱንም ሥራ ትሠራለች፣ እማማንም ታያለች" ተባልን። እናታችሁ ራሷ የምትራመድ ከሆነች፣ የሚያስፈልጋት ምግብ የሚያቀርብላትና አጠገቧ የሚሆን ሰው ብቻ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ አትክፈሉ። የምሬን ነው። ለእኛ ግን አልሆነም። ልጅቷ እናቴን ለማስነሳት የደከመውን እጇን ይዛ ሳበችው። ስትሮክ የመታው ትከሻ ደግሞ ተስቦ አይሆንም፣ መገጣጠሚያው ላይ ጉዳት ያመጣል። እናቴ ጮኸች፣ ልጅቷም አብራ አለቀሰች። ማንም አሳይቷት አያውቅም፣ ምን ታድርግ። ያው ደላላ በሳምንቱ ሕፃን ያለበት ቤት አስገባት፣ እዚያ ደስ ብሏት እየሠራች ነው አሉ።

ከዚያ አስታማሚ ወደሚልኩት ኤጀንሲዎች ዞርን። ስም አልጠራም። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ እኔ በአሜሪካ ቁጥር በዋትሳፕ ስደውል የተነገረኝ ዋጋና ወንድሜ በአገር ውስጥ ስልክ ደውሎ የተነገረው ዋጋ አንድ አልነበረም። እኔን "ለእናትዎማ ነርስ ነው የሚያስፈልጋት" አሉኝ፣ በወር 45 ሺህ። እሱን "ምን ምን ይደረግላቸው?" ብለው ጠየቁት። ስለዚህ ዲያስፖራው አፉን ይዝጋ፣ አገር ቤት ያለው ይደውል።

ነርስ ያስፈልጋታል ወይ? ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላት፣ ቁስል የሚታጠብ ካለ፣ መርፌ ካለ፣ አዎ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ ግን በደንብ የሠለጠነ ረዳት ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ የነርስ ደሞዝ መክፈል ብር ማባከን ነው። ነርሷም አትወደውም፣ የተማረችው ለሌላ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ "24 ሰዓት" የሚባለው ነው። 30 ሺህ አሉን፣ አንድ ሰው፣ ሌትና ቀን። ይህቺ ሰው መቼ ነው የምትተኛው? ስል ዝም ተባልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። የቤት ሠራተኛ በራሷ ደንብ ትተዳደር ተብላ ከአዋጁ ውጭ ናት፣ በግሉ ዘርፍ የደሞዝ ወለል የሚባል ነገርም የለም። እሺ፣ ሕጉን እንተወው። ሌሊት ሦስቴ የተነሳች ልጅ ጠዋት እናታችሁን ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ ራሴ ድርብ ሽፍት ሠርቼ አውቀዋለሁ።

እኛን የገላገለን በጀቱን በሰው ሳይሆን በሰዓት ማሰባችን ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ወንድሜና እኔ ወረቀት አውጥተን ቁጭ አልን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 12 ሰዓት በኤጀንሲ ረዳት፣ ያ 72 ሰዓት ነው። የቀረው 96 የቤተሰብ ነው። ሌሊቱን ወንድሜ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስቴ። አክስቴ በነፃ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ የታክሲዋን እንሰጣታለን፣ ለዓውደ ዓመት ደግሞ ባዶ እጇን አትቀርም። ይህም በጀት ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ላይ "ነውር ነው፣ የምን ሒሳብ" ብላ ተቆጥታ ነበር፣ አሁን ራሷ ታስታውሰናለች።

የረዳቷ 18 ሺህ ብር ነው። ግን በወር የሚወጣው 18 ሺህ አይደለም። ዳይፐርና ጓንት 5,500። ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት አንዴ ቤት ድረስ፣ በወር 4 ሺህ። የልጅቷ ምግብና፣ ሲመሽ የምትሄድበት ራይድ፣ 3 ሺህ ግድም። ለበዓልና ሰው ሲቀር ለምትክ ብለን 2 ሺህ እናስቀምጣለን። ድምሩ 32,500፣ ማለት የ18 ሺውን እጥፍ ሊሆን ብዙም አልቀረውም። ከዚህ ሌላ መግቢያ ላይ የመመዝገቢያና የአንድ ወር መያዣ ተከፍሏል። አንዱ ኤጀንሲ ደግሞ ከተስማማን በኋላ 15 በመቶ ቫት ጨመረበት፣ እሱን ተውነው። "ይህ ዋጋ ከነቫቱ ነው?" በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስለ ረዳቷ ልጅ ልንገራችሁ። ከመጣች ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። አንሶላ አራት አጥፋ ከእናቴ ሥር ታስገባለች፣ ስታገላብጣት አንሶላውን ነው የምትስበው፣ ሰውነቷን አይደለም። "እማማ፣ አሁን በቀኝ እንዞራለን፣ እሺ? አንድ፣ ሁለት..." ትላታለች፣ ሦስት ሳይባል እናቴ ዞራለች። ተረከዟን በየቀኑ ታያለች፣ መቅላት ካለ ለወንድሜ ፎቶ ትልካለች። ስታበላት አገጯን ዝቅ እንድታደርግ ትነግራታለች፣ እንዳያንቃት። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ቀጥነሽ ጉልበቱን ከየት አመጣሽው?" ትላታለች። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ስንት እንደሚደርሳት ጠየቅኋት። 9 ሺህ። ግማሹ! ከት ብዬ ሳቅሁ፣ እሷ ግራ ገባት። በዚህ ሜሪላንድና አዲስ አበባ አንድ ናቸው።

ወዲያው ሐሳቡ መጣ፣ ለምን በቀጥታ አንቀጥራትም? ውሉ ይከለክላል። ቢፈቅድም አላደርገውም ነበር። ያ ግማሽ ብር የሚገዛው ምትክ ነው። ልጅቷ አንዴ አሟት ቀርታ ነበር፣ ኤጀንሲው ሌላ ሰው ላከ። ቢልክም ጠዋት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ላይ ነው የደረሰችው፣ ወንድሜ ከሥራ ቀርቶ ነበር፣ ይህን ለኃላፊዋ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ነግሬያታለሁ። ያም ሆኖ በቀጥታ ቀጥረናት ቢሆን ኖሮ ማንም አይመጣም። የታክሲዋን ብር ግን በኤጀንሲው በኩል አናሳልፍም፣ በቴሌብር ለእሷው።

ፊዚዮቴራፒስቱ ከሁሉም በላይ የተመቸኝ ነው። ሰዓቱን ያከብራል፣ ደግሞም እሱ በሌለበት ቀን የሚሠራውን ለልጅቷና ለወንድሜ አስተምሯቸው ነው የሚሄደው። ብር ካጠራችሁ ሌላውን ቀንሱ እንጂ ይህን አትቀንሱ።

የአየር ፍራሹን በተመለከተ ግን አትቸኩሉ። አከራዩ የአልጋ ቁስል ይከላከላል አለን፣ እውነቱን ነው። በመብራት ነው የሚሠራው እንጂ! መብራት ጠፍቶ ሲቆይ አየሩ ይወጣና በሽተኛዋ ጣውላው ላይ ትተኛለች። መልሰነው ወፍራም ስፖንጅ ገዛን። ቀን ልጅቷ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣታለች፣ ወንድሜ ደግሞ ከሌሊቱ 6 እና 9 ሰዓት አላርም ሞልቷል። እሱም ይደክመዋል፣ አውቃለሁ። ቀጣዩ በጀት የእሱ እረፍት ነው፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሰው መቅጠር።

ዶላሩን ታምናችሁ የምትኖሩ ደግሞ ስሙኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ከ57 ብር ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 አለፈ፣ ያኔ ብዙዎቻችን ተንፈስ አልን። ዳይፐሩ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ጓንቱም። ደሞዙም ቀስ ብሎ ተከተለ። እኔ በጀቱን በብር ነው የምይዘው፣ በየስድስት ወሩ ከኤጀንሲው ጋር ዋጋ እንከልሳለን፣ በመሃል አይጨምሩም። ውሉ ላይ ይህን ለማስገባት ትንሽ ተከራክረናል፣ ግን ገብቷል።

"ለምን አሜሪካ አታመጫትም?" የሚሉኝ አሉ። 72 ሰዓት በ30 ዶላር፣ በሳምንት 2,160 ዶላር ነው። ሜዲኬይድ፣ ማለት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው በአብዛኛው 5 ዓመት ያስጠብቃል፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው ሜዲኬር ደግሞ ይህን ዓይነት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። እሷም አትመጣም፣ ሠፈሯን ትታ የት ትሄዳለች።

አሁን የቀረን ክርክር ጳጉሜ ነው። ኤጀንሲው የወር ዋጋው ለ30 ቀን ነው፣ ጳጉሜን በቀን ሒሳብ ለብቻ አስከፍላለሁ ብሏል። ወንድሜ "ለልጅቷ የሚደርሳት ከሆነ እንከፍላለን፣ ደረሰኙን አሳዩን" ብሎ ጻፈላቸው፣ እስካሁን አልመለሱም።