ወደ አውሮፓ ለምትልኩ፦ ሀዋሳ ላለችው የማሸጊያ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ቡና ቆልታችሁ፣ አቮካዶ ሰብስባችሁ ወይም ልብስ ሰፍታችሁ ወደ አውሮፓ የምትልኩ ሁሉ «የማሸጊያችሁን የተስማሚነት መግለጫ ከነማስረጃው ላኩልን» የሚል ኢሜይል ወይ ደርሷችኋል ወይ መንገድ ላይ ነው። መግለጫው ማሸጊያው የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ እንደሚያሟላ አምራቹ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ይህን ሥራ ብቻ ይዛ የተቀመጠች ባለሙያ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳንጽፍ ስለጠየቀችን አንጽፍም፤ ማመስገኑን ግን ልትከለክለን አትችልም። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ።

አማካሪ ሲባል አብዛኛው ከወረቀት ይጀምራል። ፎርም ያመጣል፣ ያስሞላል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ የምትጀምረው ከሚዛንና ከመቀስ ነው። ማሸጊያውን ሳትቆርጥ፣ ሳትመዝን፣ ውሃ ውስጥ ሳትነክር አንድ መስመር አትጽፍም።

ነገሩ የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ ቁጥር 2025/40 ነው። ደንቡ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጸና፤ በአጠቃላይ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ደግሞ ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 12 ቀን 2026። ከዚያ በኋላ ያሉት ትልልቅ ግዴታዎች በየዓመቱ ተራ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማነው አምራቹ?» የሚል ነው። በደንቡ አነጋገር አምራች ማለት ፕላስቲኩን የነፋው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ከረጢቱን በራሳችሁ ስምና የንግድ ምልክት አሳትማችሁ የምትልኩ ከሆነ አምራቹ እናንተ ናችሁ፤ መግለጫውም ማስረጃውን የያዘው ቴክኒካል ሰነዱም የእናንተ ዕዳ ነው። የገዢው ስም የታተመበት ከሆነ ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ይዞራል፣ ከእናንተ የሚፈለገው መረጃው ነው። ይህን ሳይለዩ የማይመለከታቸውን መግለጫ የሚፈርሙ ጥቂት አይደሉም። ሰነዱ አንድ ጊዜ ለሚያገለግል ማሸጊያ 5 ዓመት፣ ተመላልሶ ለሚያገለግል 10 ዓመት ይቀመጣል፤ እና ፊርማው ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ከእያንዳንዱ ዓይነት 10 ባዶ ናሙና፣ የሚቻል ከሆነ ከተለያየ ጭነት፣ ትቀበላለች። የግራምን መቶኛ በሚለይ ሚዛን መዝና አማካዩን ትይዛለች። ቀጥሎ በስሌት ታረጋግጣለች። ምሳሌ፦ 30 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ የልብስ ፖሊባግ (የፕላስቲክ ከረጢት)፣ አቅራቢው «40 ማይክሮን» ያለው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሁለቱ ገጽ 2,400 ካሬ ሳንቲሜትር፣ በ0.004 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ በ0.92 እፍጋት ሲባዛ 8.83 ግራም ይመጣል። ሚዛኑ 7.3 ግራም ካለ ፕላስቲኩ 33 ማይክሮን ነው ማለት ነው፤ የ40 ከፍላችሁ የ33 ወስዳችኋል። ጉዳቱ ግን ከብሩ ያልፋል። ገዢያችሁ ጀርመን ውስጥ ከሆነ ለማሸጊያ ቆሻሻ የሚከፍለው በዓይነትና በክብደት ነው፤ እናንተ የሰጣችሁት ክብደት ስህተት ከሆነ እሱ ያስመዘገበው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ስቲከሩ፣ ቫልቩ (የቡና ከረጢት ጋዝ ማስወጫ)፣ ካርቶኑና የካርቶኑ ፕላስተር እያንዳንዳቸው ለብቻ ተመዝነው ይጻፋሉ።

ከሚዛኑ ቀጥሎ የቁሱ ማንነት ነው። ለዚህ የምታሳያችሁን ዘዴ እቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቁራጩን ውሃ ላይ ጣሉት፦ ከፕላስቲክ ዓይነቶቹ ፒኢ (ፖሊኢትሊን) እና ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ይንሳፈፋሉ፣ ፒኢቲ (የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ) እና ፒቪሲ ይሰምጣሉ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ያታልላችኋልና ጠብታ ሳሙና ጨምሩበት። የሚያብረቀርቅ የቡና ከረጢት ከሆነ ደግሞ ውስጡ የስልክ መብራት አብሩ፦ ብርሃኑ ጭራሽ ካላለፈ እውነተኛ የአሉሚኒየም ፎይል ነው፤ ደብዘዝ ብሎ ካለፈ ብረት የተቀባ ፊልም ነው። ሲታጠፍም ፎይሉ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ፊልሙ ይመለሳል።

የተቆላ ቡና ላኪዎችን የሚያስጨንቀው ይኸው ከረጢት ነው። ከውጭ ፒኢቲ፣ መሀል አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ፒኢ ሆኖ የተጣበቀው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ቡናውን እንደ እሱ የሚጠብቅ የለም፤ ነገር ግን ሽፋኖቹን መለየት ስለማይቻል ሪሳይክል ለማድረግ አስቸጋሪ ነው። ደንቡ ከ2030 ጀምሮ (2030ም ሆነ 2038 እዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሪሳይክል ብቃቱ ከ70 በመቶ በታች የሚያገኝ ማሸጊያ ገበያ እንዳይወጣ ይላል። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሀ ከ95፣ ለ ከ80፣ ሐ ከ70 በመቶ ጀምሮ። ከ2038 ወዲያ ሦስተኛው ደረጃም አይበቃም። መውጫው ወደ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ ማለትም ሙሉ ፒኢ ወይም ሙሉ ፒፒ መሻገር ሲሆን ኦክስጅን የሚከለክለው ስስ የኢቪኦኤች ሽፋን በክብደት 5 በመቶን እንዳያልፍ ትመክራለች። ቫልቩም ከከረጢቱ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወደው ጥቁሩ ከረጢት ችግር አለበት፦ ጥቁረቱ ከካርቦን ብላክ (ከጥላሸት ቀለም) ከሆነ የአውሮፓ መለያ ማሽኖች በኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚያዩ አያዩትም፣ ከቆሻሻው ጋር ያልፋል።

የምትወደድበት ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከረጢቱን ቀይሩ ብላ አትተዋችሁም፣ ማሽናችሁ ድረስ ትመጣለች። ፒኢቲ የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፒኢ ግን ከ105 እስከ 135 ባለው። በአሮጌው ከረጢት ማሽኑን በ170 ብታሠሩት የውጪው ፒኢቲ ስለማይቀልጥ ምንም አይሆንም ነበር። ሙሉ ፒኢ በዚያው ሙቀት ስታስገቡ ውጪው ራሱ ቀልጦ ከጋለው ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስፌቱ ይሸበሸባል፣ ቡናው ይተነፍሳል። ብዙዎች በዚህ ተናደው ከረጢቱን «የማይረባ» ብለው ይጥሉታል። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። በብረቱ ላይ የቴፍሎን ጨርቅ ይደረጋል፣ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ ይወርዳል፣ የመጫኛው ሰዓት በጥቂቱ ይረዝማል። በየደረጃው 10 ከረጢት ታሽጎ፣ ቫልቩ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጨመቃል። አረፋ የወጣበት ቦታ ተጽፎ ይያዛል። አረፋው ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ ከወጣ ብረቱ እኩል አይገጥምም ማለት ነው፣ ሙቀት ብትቀያይሩ አይድንም።

ለጥሬ ቡና ነገሩ ቀለል ይላል። ጆንያው አንድ ማሸጊያ፣ ውስጡ የሚገባው የፕላስቲክ ላይነር ሌላ ማሸጊያ ነው፤ ለየብቻ ይመዘናሉ፣ አለቀ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥም ውጭም ለምትሰፉ፦ በ2030 ምግብ የማይነካ የፕላስቲክ ማሸጊያ 35 በመቶ ሪሳይክል የተደረገ ፕላስቲክ ሊኖረው ይገባል። አቅራቢዎች «የእኛ መቶ በመቶ ሪሳይክል ነው» ሲሉ «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ደንቡ የሚቆጥረው ተጠቃሚ እጅ ገብቶ ከተጣለ በኋላ የተሰበሰበውን ብቻ ነው። የፋብሪካ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ ተመልሶ ቢገባ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን አይቆጠርም። ሪሳይክል የተደረገ ቁስ መኖሩን የሚያረጋግጠው የጂአርኤስ ሰርተፍኬትም ሁለቱንም ዓይነት ስለሚያካትት ሰርተፍኬቱን ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ጭነት የግብይት ሰርተፍኬት ላይ ድርሻው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ደግሞ ይህን ሰምታችሁ ከፌስታል የተሠራ ሪሳይክል ቡና ወይም ቅመም ከሚነካ ከረጢት ውስጥ እንዳትከቱ። ምግብ ለሚነካ ሪሳይክል ፕላስቲክ ኅብረቱ የተለየ ጥብቅ ሕግ አለው።

ለአቮካዶ ላኪዎች ሁለት ነገር። ፍሬው ላይ የምትለጥፏት ትንሿ ስቲከር ከየካቲት 2020 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2028) ጀምሮ በኢንዱስትሪ ማዳበሪያ ማምረቻ ውስጥ የምትበሰብስ መሆን አለባት፤ ሙጫዋም ጭምር። ከ1.5 ኪሎ በታች የታሸገ ትኩስ ፍሬም ከ2030 ጀምሮ አንድ ጊዜ በሚያገለግል ፕላስቲክ መታሸጉ በመርህ ደረጃ ይቀራልና አዲስ የመረብ ወይም የትሪ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አማክሯት።

ካርቶን ላይ የሚሠራው ስህተት ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ማረሚያው ሜትር ብቻ ነው። በ2030 የማጓጓዣ ካርቶን ባዶ ቦታ ከ50 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የተጎዘጎዘ ወረቀት፣ አረፋና የአየር ከረጢትም እንደ ባዶ ቦታ ይቆጠራል። 10 በ7 በ24 ሳንቲሜትር የሆኑ 12 የቡና ከረጢቶች 20,160 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ይይዛሉ። ገበያ ላይ ባለው 40 በ30 በ35 ካርቶን ብትከቷቸው ካርቶኑ 42,000 ስለሆነ 52 በመቶው ባዶ ነው፤ ወደቃችሁ። በ3 ረድፍ በ4 ደርድራችሁ 31 በ29 በ26 ካርቶን ብታሠሩ ባዶው ወደ 14 በመቶ ይወርዳል፣ ኮንቴይነሩም ብዙ ይጭናል።

ዘይት የማያሳልፍ ወረቀት ለምትጠቀሙ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ጣሉበት። ሰርጎ ከተዘረጋ ጥሩ፤ እንደ ጤዛ ከተድበለበለ ፒኤፍኤኤስ የተባሉት ኬሚካሎች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ወደ ላብራቶሪ ይላክ። ምግብ በሚነካ ማሸጊያ ገደቡ ለአንዱ ኬሚካል ከቢሊዮን 25 ክፍል፣ ለድምሩ ከቢሊዮን 250 ክፍል ነው፤ ፖሊመሮቹም ሲደመሩ ከሚሊዮን 50 ክፍል። የእርሳስ፣ የካድሚየም፣ የሜርኩሪና የክሮሚየም 6 ድምር ደግሞ በኪሎ 100 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ደማቅ ቢጫና ቀይ የኅትመት ቀለም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለዚህ ነው።

የአገር ቤቱን የፌስታል እገዳ ከዚህ ጋር አታምታቱ። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የተከለከለው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነው የማይበሰብስ ስስ ፌስታል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚያገለግለውን ፌስታል ከለከለ። ይህን ተከትሎ «በራሱ የሚበሰብስ» እየተባለ የሚሸጥ ፕላስቲክ አለ። ብዙው ተሰባብሮ ደቃቅ የሚሆን ኦክሶ ነው፤ ከእሱ የተሠራ ዕቃ ደግሞ አውሮፓ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይውል ከልክላለች። ለኤክስፖርት አትግዙት።

እንከኗንም እንናገር። ላብራቶሪ የላትም፣ ምርመራ በሚያስፈልግበት ናሙናውን ወደ ውጭ የምታስልኩት እናንተ ናችሁ። ጥድፊያም አትወድም፤ መርከቡ ነገ ነው ብላችሁ ብትሮጡ ፊርማ አታገኙም። ክፍያዋ በማሸጊያ ዓይነት ብዛት ነው፣ የድርጅታችሁን ትልቅነት አይታ አትጨምርም።

አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ስትሄዱ ከየዓይነቱ 10 ባዶ ማሸጊያ፣ አንድ የታሸገ ሙሉ ካርቶን፣ የአቅራቢያችሁን ኢንቮይስና ስፔክ፣ እንዲሁም ገዢው የላከላችሁን ኢሜይል እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ናሙናውን አታጣጥፉት፤ የታጠፈ ፎይል ስለሚሰነጠቅ ሌላ አምጡ ትላችኋለች።