ጅማ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ አልጌ እና የአርኦ ማጣሪያዬ፦ ከ9 ወር በኋላ

መጀመሪያ ይሄን ልበል፣ የአርኦ ማጣሪያውን (ውሃን በግፊት በስስ ወንፊት አሳልፎ የሟሟበትን ነገር የሚያስቀር ማሽን ነው) የገዛሁት አልጌ፣ ማለት አኳሪየም ውስጥ የሚበቅለውን ቡናማና አረንጓዴ ነገር፣ ይገድልልኛል ብዬ ነው። አይገድልም። ካርቶኑን ሳልከፍት በፊት ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ባልተበሳጨሁ ነበር። ግን ዛሬ ሽጥልኝ ብትሉኝም አልሸጠውም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች።

ቤቴ ሄርማታ ነው፣ አኳሪየሙ 120 ሊትር፣ ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ የሚባሉ አሳዎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና ለስላሳ ኮራል አለበት። ማስቀመጫውን እዚሁ ጅማ ነው ያሰራሁት፣ በርጩማ ሲሰራ የኖረ እጅ ስለሆነ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ጨው ከዱባይ በሰው ሻንጣ ይመጣልኛል። "የሱቁን ጨው ለምን አትጨምርበትም" ለምትሉኝ፣ የባህር ውሃ እኮ ካልሲየም አለው ማግኒዚየም አለው ሌላም ብዙ ነገር አለው፣ የወጥ ጨው የገባበት ውሃ ማለት አይደለም፣ በቃ ይለፈን።

የመጀመሪያውን አመት በቧንቧ ውሃ ነበር የምሰራው፣ ባልዲ ውስጥ አሳድሬ ክሎሪኑ ሲወጣ ጨው እበጠብጥበታለሁ። መጀመሪያ አሸዋው ላይ የቡና ዱቄት የተበተነበት የሚመስል ቡናማ ነገር መጣ፣ ዲያተም የሚባለው አልጌ ነው፣ እሱ እንኳን ሲነካ ብን ብሎ ይጠፋል። ቀጥሎ ግን ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ፣ እነቅለዋለሁ እነቅለዋለሁ በሳምንቱ ጣት አክሎ ይጠብቀኛል፣ ባለቤቴ "ድንጋይህን መቼ ነው የምትላጨው" ማለት ጀመረች። አልጌው የሚመገበውን ፎስፌት ስለካ 0.25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ)፣ እኛ የምንፈልገው እኮ ከ0.03 እስከ 0.1 ነው።

ለካ ነገሩ ያለው በየቀኑ የምጨምረው ውሃ ላይ ነው። ከአኳሪየሙ በቀን 2 ሊትር ገደማ ይተናል፣ የሚተነው ደሞ ውሃው ብቻ ነው፣ ጨውም ፎስፌትም ዲያተም የሚፈልገው ሲሊኬትም እዛው ይቀራል፣ እኔ ያንን በቧንቧ ውሃ ስሞላ ማለት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማዳበሪያ እየጨመርኩ ነበር። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው ጨው እንደሚለው በሉት። አማቴ "አፍልተህ አቀዝቅዘህ ጨምርበት" ብለውኝ ነበር፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፎስፌት አያወጣም፣ ጭራሽ እንፋሎቱ ሲሄድ የቀረው ይወፍራል። ጎረቤታችን ጋሼ ደሞ "ጅማ ቁጭ ብለህ ውሃ ታጣራለህ? ዝናቡ አይበቃህም?" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው ዝናብስ ሞልቷል፣ ግን የኛ ዝናብ ከቆርቆሮ ጣራ ላይ ነው የሚወርደው፣ ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ነው፣ ዚንክ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው።

እና ማጣሪያውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ባለ አምስት ደረጃ ነው፣ ደለል የሚይዝ አንድ፣ ካርቦን ሁለት፣ ከዛ ሜምብሬኑ (ዋናው ስስ ወንፊት)፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን የሚለቅም፣ ሲያልቅ ቀለሙን የሚቀይር ዲአይ ሬዚን የሚባል ጥቃቅን ፍሬ። ካርቶኑ ላይ በቀን 75 ጋሎን ይላል፣ 280 ሊትር አካባቢ ማለት ነው። እኔ ጋ የመጀመሪያው ቀን አንድ ጀሪካን አልሞላም! ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ ሰውዬው "ጠብቀው ይለምዳል" አለኝ፣ ምኑን ነው የሚለምደው።

ችግሩ ግፊት ነበር። የኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ከሮቶ ነው፣ ሮቶው 6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል፣ ስለዚህ እኔ ያለኝ 0.6 ባር ነው፣ ሜምብሬኑ የሚፈልገው ደሞ ከ3 ባር በላይ። ግፊት ሲያንስ ውሃው ማነሱ ብቻ ሳይሆን የሚጣራውም በደንብ አይጣራም፣ የቧንቧው ቲዲኤስ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) 140 ነበር፣ ከሜምብሬኑ ሲወጣ 40፣ ያ ሁሉ ሬዚኑ ላይ ወድቆ ሬዚኔን በአንድ ወር ጨረሰው። ባለ 24 ቮልት ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ሳስገባ 4 ሆነ፣ ከሬዚኑ በኋላ 0። በሮቶ የምትኖሩ ሰዎች ፓምፑን አብራችሁ ካልገዛችሁ ማጣሪያውንም አትግዙ፣ ቀልድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ ስለዚህ እኔ ሁሌ ሁለት ጀሪካን የተጣራ ውሃ መጠባበቂያ አለኝ።

ሁለተኛው ጣጣ ክረምት ነው። የደለል ማጣሪያውን በየ6 ወሩ ቀይሩ ይላል መመሪያው፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ሐምሌ ላይ የኛን ቧንቧ ከፍቶ አያውቅም። የኔ ስድስት ሳምንት አልሞላውም፣ ነጭ የገባው የጭቃ ቀለም ሆኖ ወጣ። ካርቦኑን ግን አታቆዩት፣ እሱ ካለቀ ክሎሪኑ አልፎ ሜምብሬኑን ይበላዋል፣ ውዱ ደሞ ሜምብሬኑ ነው።

ስለሚፈሰው ውሃ ላውራ፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ያስነሳው እሱ ነው። ለ1 ሊትር ንፁህ 4 ሊትር ገደማ ይደፋል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያሳፍራል። አሁን ቱቦውን በርሜል ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ቤት ይወለወልበታል፣ ጋሼም ለቡና ችግኛቸው በጀሪካን ይወስዳሉ፣ ስለ ዝናቡ ግን እስካሁን አልተዉኝም።

አልጌውስ? ቡናማው በአራት ሳምንት ጠፋ፣ እዚህ ላይ ማጣሪያው ሙሉ ማርክ ያገኛል፣ ዲያተም ሲሊኬት ካላገኘ አይኖርም። አረንጓዴው ፀጉር ግን ሁለት ወር ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ በቀለ፣ የተናደድኩት ያኔ ነው። በኋላ ነው የገባኝ፣ ድንጋዩ አመት ሙሉ የጠጣውን ፎስፌት ቀስ እያለ ይተፋዋል፣ ንፁህ ውሃ አዲስ ፎስፌት እንዳይገባ ያደርጋል እንጂ ያለውን አያወጣም። ላለው እጄን ነበር የሚፈልገው፣ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ድንጋዩን አውጥቼ ያንኑ የጨው ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ እፍቅ ነበር። ደሞ ልጄ "አሳው ርቦታል" እያለ በቀን ሶስቴ እንደሚመግበው ደረስኩበት፣ ምግቡም እኮ ፎስፌት ያመጣል፣ አሁን በቀን አንዴ ነው፣ በረዶ የሆነውን ሽሪምፕም አጥበን ነው የምንሰጠው። በአራተኛው ወር ፎስፌት 0.12፣ አሁን 0.05። ከዚህ በታች እንዲወርድ አልፈልግም፣ ዜሮ ሲሆን ዳይኖ የሚባለው አተላ የሚመስል ነገር ይመጣል ይባላል፣ እሱ ከፀጉሩም ይብሳል።

አንዴ ደሞ ቡናማው ተመለሰብኝ። ቲዲኤሱ 2 ነበር የሚያሳየው፣ 2 ምን አላት ብዬ ተውኩት። ሬዚኑ ሲደክም ቀድሞ የሚለቀው ሲሊኬትን ነው፣ መለኪያው ደሞ ሲሊኬትን በደንብ አያይም፣ ስለዚህ አሁን ቁጥሩ ከ0 ወደ 1 ሲል እቀይራለሁ። ማሽኑ ቆይቶ ሲነሳም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ወደ በርሜሉ ነው የምለቀው፣ ቆሞ ያደረው ውሃ ቲዲኤሱ ከፍ ይላል።

ከ10 ስንት ካላችሁኝ ማጣሪያው 8፣ ሻጩ 3። ሬዚን እዚህ ጅማ አላገኘሁም፣ 350 ኪሎሜትር ነው የሚመጣው፣ አሁንም ያለኝ ግማሹ ቀለሙን ቀይሯል፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እየጠበቅኩ ነው።