ለቁልፍ መያዣ ባትሪ የትኛው ድንጋይ ይሻላል?

ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ባትሪ ስትገዙ መጀመሪያ ውስጧ ያለውን ድንጋይ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ሁሏም ደምቃ ትበራለች። ስድስት ወር ቁልፍ ላይ ከርማ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ስትጫኗት መብራቷን የሚወስነው ግን ድንጋዩ ነው።

በጣም ርካሾቹ ሶስት ወይም አራት የሰዓት ድንጋይ ተደራርቦ የሚገባባቸው ናቸው። እለፏቸው። ቶሎ ይደክማሉ፣ ሁሉንም ድንጋይ መቀየርም ባትሪዋን እንደ አዲስ እንደመግዛት ነው።

ሲአር 2032 ከእነሱ በብዙ ይሻላል። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው፣ 3 ቮልት፣ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ። ብዙ የመኪና ሪሞትና የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ያለው እሱው ነው። ሳይነካ ለዓመታት ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ነገር ግን ብዙ ኃይል በአንዴ አይሰጥም። የበር ቁልፍ ቀዳዳ ለመፈለግ ይበቃል፣ ጨለማ መንገድ ለመሄድ ግን አይሆንም።

ትንሽ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። ይህ ድንጋይ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ተቀርቅሮ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ክዳኗ በብሎን የማይታሰር ባትሪ ቤት አታስገቡ። ልጁ ውጦታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሆዱ አልፎ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

የእኔ ምርጫ አንድ ትሪፕል ኤ፣ ማለትም ቀጭኑን የሪሞት ድንጋይ የምትበላዋ ናት። ትንሽ ትረዝማለች፣ ትንሽም ትከብዳለች። ግን አንዱ አልካላይን ድንጋይ 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል፣ ሲአር 2032 ደግሞ 220 ገደማ። ቮልቱ ግማሽ ቢሆንም በድምሩ ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው። የሰፈር ሱቅም አይጠፋም።

ችግሩ አልካላይን ሲቆይ ይፈሳል። አንዷን ባትሪዬን ዓመት ሙሉ ረስቻት ስከፍታት ውስጧ ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ ክዳኗ በመከራ ነው የዞረው። በሎሚ ጠርጌ አዳንኳት። አሁን ባለ 1.5 ቮልት ሊቲየም ትሪፕል ኤ ነው የማስገባባት። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ቀለል ያለ ነው፣ የመፍሰስ ነገሩም በጣም አነስተኛ ነው። በየቀኑ የምትጠቀሙ ከሆነ 1.2 ቮልቱ ቻርጅ የሚደረገው ያዋጣችኋል። በመልክ ትሪፕል ኤን የሚመስል፣ 10440 የሚባል ባለ 3.7 ቮልት ድንጋይ ግን አለ። ባትሪዋ ይህን እንደምትችል ካልተጻፈባት አታስገቡት፣ ልታቃጥሏት ትችላላችሁ።

በታይፕ ሲ ቻርጅ የምትደረገዋስ? ከሁሉም በላይ ደማቅ ናት፣ የድንጋይ ወጪም የለባትም። ስልኩን ሁልጊዜ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ጥሩ ናት። የሚረሳ ሰው ግን በሚፈልጋት ሰዓት ባዶ ሆና ያገኛታል። የውስጧ ድንጋይ ከዓመታት በኋላ ሲደክምም ብዙውን ጊዜ አይቀየርም፣ ባትሪዋ አብራ ትጣላለች።

ለእናቴ የገዛሁላት ባለ ትሪፕል ኤዋን ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ከታች ሱቅ ገዝታ ራሷ ትቀይራለች።