አዳማ የወላይታ ጥሬ ስጋ ለምትፈልጉ

አዳማ ስጋ ቤት ሞልቷል፣ እኔ ግን እንግዳ ሲመጣብኝ ምወስደው መናኸሪያ አካባቢ ያለችው የወላይታ ቤት ነው። ስጋው አሪፍ ነው፣ ሻኛው በተለይ፣ ግን ሰው ሚመላለሰው ለዳጣዋ ነው። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደቆ፣ ጤና አዳሙ እየሸተተ በትንሽ ጣባ ይመጣላችኋል፣ መጀመሪያ ምንም ማያቃጥል ይመስልና ሁለተኛው ጉርሻ ላይ እንባችሁ ዱብ ዱብ ይላል። ቆጮውም ትኩስ ነው።

ሴትየዋን "እትዬ እንዴት አዳማ መጣችሁ" ስላቸው "አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር" አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ እዛ ትልቅ እርሻ የነበረው የሆላንዶች ካምፓኒ ኤች ቪ ኤ ሌላ አገር ሲፈልግ እኛ ጋ መጣና በ1946 ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፣ ቆራጭ ደግሞ ከወላይታ ከከምባታ ከሀዲያ ጎረፈለት። እዛ መሬቱ ጠባብ ሰዉ ብዙ፣ ገበሬው ገባር ስለነበር የባለመሬቱንም የመንግስትንም ከፍሎ እጁ ላይ ሚቀር ብር የለም፣ ወንጂ ግን ደሞዝ በጥሬ ብር ነው። ብዙዎቹ ቆርጠን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንመለሳለን ብለው ወጥተው እዚሁ ወልደው ቀሩ። ሜዳው ላይ ከብት ያሰማሩ የነበሩት የጅሌ ኦሮሞዎች ደግሞ ለዛው ሸንኮራ ሲባል ተነሱ፣ ይሄኛውን ግን ሚያወራው ሰው ትንሽ ነው። ስደት ሲባል የ77ቱ ድርቅና ሰፈራ ብቻ ነው ትዝ ሚለን፣ ደሞዝ ፍለጋ የወጣውንና ለእርሻ ተብሎ የተነሳውን ማንም አይቆጥረውም።

ጥግ ላይ ሚቀመጡ የወንጂ ጡረተኛ አባባ አሉ፣ ጥርሳቸው ቡኒ ነው፣ ልጅ ሆነው ካምፑ ውስጥ ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት ነው፣ የዛን ጊዜ ሰራተኛ ልጆች ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው፣ አጥንታቸውን ያጎበጣቸውም አሉ። ሰውየው ስጋውን በዛው ጥርስ ነው ሚቆርጡት ታዲያ፣ ቢላ አይፈልጉም 😄

ሰርቪሱ ግን ቀርፋፋ ነው አልዋሽም፣ እሁድ ከሰአት ወንበር አይገኝም፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ ይጠፋል፣ ሙዚቃው ደግሞ ሰው ሲያወራ አያሰማማም። ዋጋው አዲስ አበባ ካለው ይሻላል እንጂ ርካሽ ሚባል አይደለም። ረቡዕና አርብም ክፍት ናቸው፣ መኪና ምትይዙ ከሆነ ግን ውጭ ማቆሚያ የለም፣ በባጃጅ ሂዱ።