ሙሉ የብርድ ወቅት ካገለገለ በኋላ፦ የሙቅ ውሃ ቦይለር ማሞቂያ ተከላና አሞላል ግምገማ

ይህ ግምገማ ሙሉ የብርድ ወቅት አሳልፎ ከዚያም በኋላ ለወራት ስላገለገለ ባለ 24 ኪሎዋት የጋዝ ቦይለር ነው። ቦይለሩ በጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ እየመለሰ ተጨማሪ ሙቀት የሚያወጣ ዓይነት ሲሆን፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ የተተከሉ የብረት ራዲያተሮችን በዝግ የቧንቧ መስመር ያሞቃል። በመስመሩ ውስጥ በጠቅላላ 120 ሊትር ያህል ውሃ አለ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ በማሽኑ ረክቻለሁ፤ ለእርካታዬ ግን ከማሽኑ የበለጠ ድርሻ ያላቸው ተከላውና አሞላሉ ናቸው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተሞላ ውሃ ሳይጎድልና ሳይጨመርበት ከከረመ የማሞቂያው ጣጣ በአብዛኛው አልቋል። በየጊዜው ውሃ የሚጨመርበት ማሞቂያ ግን የቱንም ያህል ውድ ቦይለር ቢገጠምለት ከውስጥ እየተበላ ነው።

ከዋናው የውሃ መስመር የሚመጣ አዲስ ውሃ የሟሟ ኦክስጅንና የኖራ ማዕድን ይዞ ይገባል። ኦክስጅኑ ራዲያተሩን ያዝገዋል፤ ኖራው ደግሞ የእሳቱ ሙቀት ወደ ውሃው በሚተላለፍበት ክፍል ላይ፣ ማለትም በቦይለሩ ውስጥ በጣም በሚግለውና በጣም ውድ በሆነው ቦታ ላይ፣ ይጋገራል። መስመሩ ዝግ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ውሃ ይዞት የገባው ኦክስጅን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል፤ ኖራውም መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ የሚጨምረው የለም። ጉዳት የሚከተለው ውሃ የመጨመሩ ነገር ልማድ ሲሆን ነው። የፕላስቲክ ቱቦ የሚዘረጋ ሰው ኦክስጅን የሚከለክል ሽፋን ያለውን ዓይነት እንዲመርጥ አጥብቄ የምመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽፋኑ የሌለው ቱቦ አንዲት ጠብታ ባያፈስም እንኳ ኦክስጅንን በገላው በኩል ቀስ በቀስ ያሳልፋል።

ተከላውን የሠራው ፈቃድ ያለው የጋዝ ቴክኒሻን ነው። የጋዝ መስመሩና የጭስ ማውጫው ሥራ ማንም በራሱ የሚሞክረው አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ማንቂያ መሣሪያው ከቦይለሩ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ባለቤቱ ሊከታተለው የሚችለውና የሚገባው የውሃውን ወገን ነው። ራዲያተሮቹ ከቀድሞው ማሞቂያ የቀሩ ስለነበሩ አዲሱ ቦይለር ከመያያዙ በፊት መስመሩ በሙሉ ታጥቧል፤ የቀሩት ተዘግተው በአንዱ ራዲያተር ብቻ ውሃ እየተለቀቀ፣ የሚወጣው ድፍርስ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተዳርሰዋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ብዙ ገጣሚዎችም ሊዘሉት ይሞክራሉ። አሮጌውን ዝቃጭ እዚያው ትቶ አዲስ ቦይለር መግጠም ግን ዝቃጩን በቀጥታ ወደ አዲሱ ማሽን ቀጫጭን መተላለፊያዎች መላክ ነው።

ከተከላው ሁሉ በኋላ ላይ ዋጋውን ያየሁት በማስፋፊያ ታንኩ ነው። ውሃ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 80 ሲሞቅ መጠኑ በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ለ120 ሊትር ይህ ማለት 3.4 ሊትር ያህል መሄጃ የሚፈልግ ትርፍ ውሃ ማለት ነው። መሄጃው ታንኩ ነው፤ በውስጡ ያለ የጎማ ሽፋን በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን የመስመሩን ውሃ ይዞ ይለያቸዋል። ቦይለሩ ይዞት የመጣው ታንክ 8 ሊትር ብቻ ነበር። ስሌቱን ለሠራ ሰው ይህ ታንክ ለብቻው አይበቃም፤ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር፣ የቀዝቃዛው ውሃ ግፊት 1.2 ባር ሆኖ መስመሩ በሙሉ 80 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ከ3 ባር ያልፋል፤ 3 ባር ላይ ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩ ተከፍቶ ውሃውን ያፈሳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ጎድሏል ብሎ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ሙቀት እንደገና ይፈስሳል። በመመለሻው መስመር ላይ ተጨማሪ 18 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲገጠም ግን ያው ስሌት 1.6 ባር አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቦይለር የሚገዛ ሰው ከኪሎዋቱ ቀጥሎ የመስመሩን ጠቅላላ የውሃ መጠንና የታንኩን ልክ ይጠይቅ፤ ለጥያቄው በቁጥር የማይመልስ ገጣሚ ለሥራውም አይታመንም።

የታንኩ አየር የሚለካው ውሃ ከመሞላቱ በፊት ወይም የውሃው ግፊት ወደ ዜሮ ከወረደ በኋላ ነው፤ ውሃ ከበስተጀርባው እየገፋው የሚነበብ ቁጥር የታንኩን ሳይሆን የመስመሩን ግፊት ይናገራል። የአየር መሙያው ከመኪና ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የጎማ ንፋስ መለኪያ ይበቃል። ልኩን የሚወስነው የቤቱ ቁመት ነው። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ይመዝናል፤ በእኔ ቤት ከፍተኛው ራዲያተር ከቦይለሩ 5 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቁመቱ ብቻውን 0.5 ባር ይጠይቃል፤ መጠባበቂያ 0.3 ሲጨመርበት 0.8 ይሆናል። ውሃው ደግሞ ከዚህ በ0.3 ወይም በ0.4 ባር ከፍ ብሎ ይሞላል።

አሞላሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የራዲያተሮቹ ቫልቮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው፣ የማስተንፈሻ ብሎኖቻቸው ግን ተዘግተው፣ የአውቶማቲክ አየር ማስወጫው ክዳን ላላ ተደርጎ፣ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ውሃው ከታችኛው የመመለሻ መስመር በኩል በቀስታ ይለቀቃል። በቀስታ የሚባልበት ምክንያት አለው፤ ውሃ ከታች እየወጣ አየሩን ወደ ላይ ሲገፋ አየሩ በአንድነት ይሸሻል፤ በኃይል ሲለቀቅ ግን ከአየሩ ጋር ተደባልቆ በየቧንቧው መታጠፊያ አረፋ ጥሎ ያልፋል። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 1.2 ላይ ሲደርስ መሙያው ይዘጋና ከምድር ራዲያተሮች ተጀምሮ ወደ ፎቁ እየተወጣ ይተነፍሳል። ትንሿ ቁልፍ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ስታላላው መጀመሪያ ደረቅ ፉጨት ይሰማል፤ ፉጨቱ እየወፈረ ይሄድና ውሃና አየር ተፈራርቀው ይተፋሉ፤ በመጨረሻ ውሃው ሳይቆራረጥ በቀጭኑ ሲወርድ ብሎኑ ይጠበቃል። ከሥሩ ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከግድግዳ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር እድፍ አላቸው። በየራዲያተሩ አየር በወጣ ቁጥር ጌጁ ስለሚወርድ ወደ መሙያው እየተመለሱ ወደ 1.2 ማድረስ ግድ ነው። የዝገት መከላከያ ኬሚካሉ የገባውም በዚህ ጊዜ፣ በውሃው ውስጥ ያለውን የብረት ዝቃጭ ስቦ በሚይዘው ማግኔት ማጣሪያ በኩል ነው፤ መግለጫው ለ100 ሊትር 1 ሊትር ስለሚል ለእኔ መስመር 1.2 ሊትር ማለት ነው። ሥራው ሲያበቃ የመሙያው ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ተያይዞ የቀረ ቱቦ ቫልቩ ትንሽ ውሃ ካሳለፈ በማይታይ ሁኔታ ግፊቱን ያንራል፤ ኬሚካል ያለበት ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ የሚመለስበትንም ቀዳዳ ይተዋል።

ይህ ሁሉ ከተደረገም በኋላ ጌጁ ወዲያው ዝም አይልም። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ያነሰ አየር ነው የሚያሟሟው፤ ስለዚህ ማሞቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲግል በውሃው ውስጥ ተደብቆ የቆየው አየር በጥቃቅን አረፋ እየሆነ ይወጣል። የአየር መለያውም በጣም በሚሞቀው መላኪያ መስመር ላይ የሚገጠመው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግፊቱ እየዘቀጠ ጥቂት ጊዜ ተሞልቷል፤ የፎቁ የመጨረሻ ራዲያተርም ሲያጉረመርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሲቀዘቅዝ 1.2፣ ውሃው 60 ዲግሪ ሆኖ ሲዞር 1.4 ያሳያል፤ ብርዱ እስኪያልቅም ውሃ አልተጨመረበትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ግፊቱ መውረዱን ካላቆመ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከመገጣጠሚያዎች፣ ከሴፍቲ ቫልቩ መፍሰሻ ቱቦ ጫፍና ከታንኩ ነው። የታንኩን አየር መሙያ ሲጫኑት በአየር ፈንታ ውሃ ከወጣ የውስጡ ጎማ ተቀድዷል። አንድ ራዲያተር ደግሞ በተደጋጋሚ አየር ከያዘና ግፊቱ ካልጎደለ፣ እየተጠራቀመ ያለው ከዝገት የሚወለድ ሃይድሮጂን ሊሆን ስለሚችል ሲተነፍስ እሳት አጠገቡ መቅረብ የለበትም።

ስለ ጋዝ ፍጆታው የምለው አጭር ነው። ይህን መሰል ቦይለር የሚያተርፈው ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሆኖ የጭሱን እንፋሎት ወደ ውሃ መመለስ ሲችል ነው፤ እንፋሎቱ የሚሸከመው ሙቀት ያለእርሱ ከተቆጠረው የጋዙ ሙቀት ወደ 11 በመቶ ይደርሳል። ከፋብሪካ ሲመጣ የመላኪያው ሙቀት 75 ላይ ተሞልቶ ነበር፤ ወደ 60 ሲወርድ ራዲያተሮቹ እጅ የሚያቃጥል ግለታቸውን አጥተው ረዘም ላለ ጊዜ ለብ ብለው መሥራት ጀመሩ፤ ክፍሎቹም እኩል ሞቁ። ይህ የሚመለከተው የራዲያተሮቹን መስመር ብቻ ነው፤ የገላና የወጥ ቤት ሙቅ ውሃ በታንክ የሚያከማች ሰው ያንን ታንክ ከባክቴሪያ ለመጠበቅ ከ60 ማውረድ የለበትም። ከጭሱ የሚወጣው ጠብታ አሲድነት ስላለው በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ ቱቦ፣ ተዳፋት ይዞ መፍሰስ አለበት።

ማግኔት ማጣሪያው ከተጨማሪ ዕቃዎቹ ሁሉ ዋጋውን በግልጽ የመለሰ ነው። በመጀመሪያው ጽዳት ክዳኑ ሲከፈት ማግኔቱ ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ጭቃ ተለብጦ ነበር፤ በጣት ሲታሽ ቅንጣት የሌለው ልስልስ ነው፤ በስሱ ይንሸራተታል፤ ከጥፍር ሥር ግን በቀላሉ አይወጣም። ይህ ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሁሉም አጠባው ያልደረሰበት የአሮጌዎቹ ራዲያተሮች ቅሪት ነው። በብርዱ መጨረሻ እንደገና ሲከፈት ስስ ድባብ ብቻ ተገኘ፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነበር። ጌጁ ሲናገር የከረመውን ነገር ማጣሪያው አረጋግጦልኛል ማለት እችላለሁ።

ቅሬታዎቼም አሉ። የግፊት ጌጁ የተሰቀለው ከቦይለሩ ሆድ ሥር፣ ፊቱን ወደ መሬት አዙሮ ነው፤ ለማንበብ መንበርከክና ባትሪ ማብራት ያስፈልጋል፤ በየጊዜው መታየት የሚገባውን አንድ መሣሪያ እንዲህ የደበቀ ንድፍ አውጪ የራሱን ቦይለር የሚከታተል አይመስለኝም። ለብቻው ሌላ ጌጅ በታንኩ አጠገብ አስገጥሜያለሁ። ፓምፑም አብዛኞቹ የራዲያተር ቴርሞስታቶች ሲዘጉ የቀሩት ላይ ግፊቱን ያበዛና ቫልቮቹን ያስፏጫል፤ የፓምፑ አሠራር ከቋሚ ግፊት ወደ ተመጣጣኝ ግፊት፣ ማለትም ፍሰቱ ሲቀንስ ግፊቱንም ወደሚቀንሰው፣ ሲቀየር ፉጨቱ ቀርቷል፤ መመሪያው ግን ይህን በግልጽ አይነግርም። ከቦይለሩ የሚቀርቡት ራዲያተሮች የሩቆቹን ውሃ እንዳይሻሙ የመመለሻ ቫልቮቻቸውን እያጠበቡ ማመጣጠንም ለባለቤቱ የተተወ ሥራ ነው።

ይህንኑ ቦይለር እንደገና እገዛለሁ፤ ከነማጣሪያው፣ ከነአየር መለያውና በስሌት ከተመረጠ ታንክ ጋር። በጀት ካጠረ ከኪሎዋቱ ይቀነስ፤ ብዙ ቤቶች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ጉልበት ነው የሚሸጥላቸው። የታንኩ አየር ግፊት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ መለካት አለበት፤ ጎማው ሳይቀደድም አየሩ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የቀነሰ ታንክ ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩ ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስ በቀላሉ የሚታይ ምልክት ላያሳይ ይችላል።