ለመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም የሌሊት መከለያ ይሻላል ወይስ ልምምድ?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አሳርፉና አፋችሁን ክፈቱ። ከሥር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መጋጠሚያው ነው። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የምታገለግል ትንሽ ዲስክ አለች። እሷ ከቦታዋ ስትንሸራተት "ቀጭ" ይላል። ሕመም ከሌለው ድምፁ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም።

ካመመስ? ብዙ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይነሳሉ።

የሌሊት መከለያው በጥርሳችን ልክ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። በእንቅልፍ ላይ ጥርስ ማፋጨትን ላያስቆም ይችላል፤ ጥርሱ እንዳይበላ ግን ይከላከላል። በልኩ ካልተሠራ ደግሞ ንክሻን ሊያዛባ ይችላል።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት እንጂ። የምላስን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ላንቃ ላይ ማሳረፍ። ከዚያ ምላሱ ሳይነሳ አፍን ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት። በቃ። እስቲ አሁን ራሳችሁን አስተውሉ፤ የላይና የታች ጥርሳችሁ ተነካክቷል? ሳናኝክና ሳንውጥ መነካካት የለበትም። ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን ስንውል ግን ሳናውቀው ግጥም አድርገን እንነክሳለን። ይህን የቀን ልማድ ሌሊት የሚጠለቅ ፕላስቲክ ምንም አያደርገውም።

እኔ ብሆን ከልምምዱ እጀምራለሁ፤ ሞቅ ያለ ፎጣና ለስላሳ ምግብ ጨምሬ። ማስቲካም ለጊዜው ይቅር። ለጥቂት ሳምንታት ሞክሮ ያልተሻለው ወይም ጥርሱ እየተበላ ያለ ሰው መከለያውን ይደርብበት። አፍ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ ፊትም ካበጠ፣ ሙከራው ይቅርና ቶሎ ሐኪም ዘንድ።