የቀለጠ ቅይጥ መስታወት ሲሆን፦ የኳንተም ስሌት ወይስ ቀመር?

ባሕር ዳር ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የቀለጠ መዳብና ዚርኮኒየም ወደ መስታወት (አተሞቹ ሥርዓት ሳይዙ ወደ ደረቁበት ብረት) ሲቀየር በኮምፒውተር ማየት እፈልጋለሁ። በየትኛው ዘዴ ልሥራ?»

አንደኛው የኳንተም ስሌት ነው። በአተሞች መካከል ያለውን ኃይል በየእርምጃው ከኤሌክትሮኖቹ ተነስቶ ያሰላል። በጣም ይታመናል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ አተሞች አያልፍም፤ ትልቅ ማሽንም ይፈልጋል።

ሁለተኛው ኃይሉን አስቀድሞ ከተዘጋጀ ቀመር ይወስዳል። ለብረታ ብረት የታወቀው ኢኤኤም (embedded atom method) የሚባለው ቀመር ነው፤ ተመራማሪዎቹ ዶው እና ባስከስ በ1984 አቀረቡት። ላምፕስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ ደህና ላፕቶፕ ላይ እንኳ አሥር ሺህ አተም ይሄዳል። መብራት ቢጠፋስ? በየመሃሉ ሴቭ ካደረግሽ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩላት። ዋናው ምክንያቴ የማቀዝቀዝ ፍጥነት ነው። በ1960 በአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወርቅና የሲሊከን ቅይጥ መስታወት የሆነው በሰከንድ ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነው። ኮምፒውተር ግን የሚያሰላው እጅግ አጭር ጊዜን ስለሆነ ቅይጡን በጣም በፍጥነት ማቀዝቀዝ ግድ ይለዋል፤ እዚያ በሰከንድ ቢሊዮን ዲግሪ ራሱ ቀርፋፋ ነው። የኳንተሙ ስሌት ደግሞ ከዚያም ያጠረ ጊዜ ስለሚሸፍን በሰከንድ አሥር ትሪሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። አተሞቹ ቦታ ሳይዙ ይደርቃሉ። በመዳብ ዙሪያ 12 ጎረቤቶች የሚሠሩት ባለ 20 ገጽ ቅርጽ ሁሌም ያስደንቀኛል፤ እሱ የሚበዛው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው።

ቀመሩ ግን ለቅይጡ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ለመዳብና ዚርኮኒየም አለ። ቀመር የሌለው አዲስ ቅይጥ ከመጣ ግን፣ በ200 አተምም ቢሆን በኳንተሙ ጀምሪ አልኳት።